የኛ መጸው ቀይ ነው፤ የትምህርት ካላንደሩ ግን አያውቀውም

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ የምትለጥፉትን ፎቶ እያየሁ ነው። ቅጠሉ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፤ ከስሩ ደግሞ የእናንተ ፈገግታ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን አንዱ ፎቶ ስር የተጻፈ አስተያየት ከነከነኝ። «አገራችን እንዲህ ዓይነት ወቅት ባለመኖሩ እንዴት ያሳዝናል» ይላል። የጻፈው ልጅ ደግሞ የሸቤ ልጅ ነው! ኸረ በፈጣሪ።

አንተ ልጅ፣ እስኪ አስታውስ። ከጅማ ተነስተህ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትመጣ፣ የበለጠ ጫካን አቋርጠህ ወደኛ ስትወርድ፣ በጥቅምት መጨረሻ መንገዱ ዳር የሚቆመው ብሳና ምን ይመስል ነበር? ብሳና እኮ (ኦሮምኛው መካኒሳ የሚለው፣ የአዲስ አበባው መካኒሳም ስሙን ያገኘው ከሱ ነው) ዝናቡ ሲያቆም ያረጀ ቅጠሉን ብርቱካናማ አድርጎ ነው የሚጥለው። እንደ አሜሪካው ዛፍ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አይቀይርም። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴውም፣ ብርቱካናማውም፣ በጀርባው ነጣ ያለውም አብረው ይታያሉ። ፈረንጆቹ አገር ቅጠሉ የሚቀላው ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲመጣ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ውሃው ሲሸሽ ነው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ዛፍ መሬት ላይ ሥዕል ሲያነጥፍ ለማየት ቦስተን መሄድ አያስፈልግም። ዋንዛው በነጭ አበባ ተሸፍኖ ንብ ይጮህበታል፤ ቅጠሉን የሚያራግፈው ቆይቶ በበጋው ነው። ከነዚህ ሁሉ ጥላ ስር ደግሞ ዋናው ነገር አለ። ቅጠሉ ሳይሆን ፍሬው የሚቀላው ተክል። ቡና።

መጸው ማለት ይሄ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ክፍል ውስጥም ሁልጊዜ የምለው ነው። ብዙ ሰው፣ ጋዜጠኛውም ጭምር፣ የመስከረምን አበባ አይቶ «ጸደይ መጣ» ይላል። በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ነው። ጸደይ መጋቢት 26 ላይ ነው የሚገባው። ኦሮምኛው ደግሞ ይህን ጊዜ ቢራ ይለዋል። (ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ የሳቁበትን ቃል አይረሱትም።) አማርኛውም ሰማዩ ሲጠራ «ብራ ሆነ» ይላል፤ ሁለቱ ቃላት እንዴት እንደተገናኙ የቋንቋ መምህራን ይንገሩን። አሁን ይህን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለውን ጊዜ ውሰዱና እኛ ጋ ቡና ከሚለቀምበት ጊዜ ጋር አስተያዩት። ልክክ ይላል። መጸው ለኛ ሌላ ትርጉም የለውም፤ የለቀማ ወቅት ነው።

የበዓሉን ነገር እንየው። መስከረም ላይ አገሩ በሙሉ በዓል ነው። እንቁጣጣሽ አለ። ደመራና መስቀል አለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው። ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ አለ። ከጎጀብ ማዶ ካፋዎች ቦንጋ ላይ ማሽቃሬ ባሮን ያከብራሉ። መውሊድም እንደ ጨረቃው እየዞረ አንዳንድ ዓመት እዚሁ መስከረም ላይ ይወድቃል። ከኢሬቻ በኋላ ግን ቴሌቪዥኑ ዝም ይላል። ካሜራው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። የኛ ወቅት የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነው፣ ካሜራው ሲሄድ።

እና እኛ ምን አለን? የዓመት ኑሯችን የሚወሰንበት ይሄ ወቅት አንድ የታወቀ ቀን እንኳን የለውም። የጎረቤቶቻችንን የየሞችን ነገር ተመልከቱ። ጥቅምት 17 ሲሆን ቦር ተራራ ላይ ወጥተው የዓመቱን የባህል መድኃኒት ይለቅማሉ፤ ሳሞ ኤታ ይባላል። ሽማግሌው ይመራል፣ ወጣቱ ይከተላል፣ ቅጠሉን፣ ሥሩንና ልጡን እየለየ ይማራል። ልብ በሉ፤ በዓል ብቻ አይደለም። ቀኑ የታወቀ ነው፣ ለቀማው የጋራ ነው፣ እውቀቱም በዚያው ቀን ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። አንድ ቀን ሦስት ሥራ ይሠራል።

እኛ ጋ ለቀማ የሚጀመረው ግን እንዴት ነው? በፍርሃት ነው። ይህን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ለማታውቁ ላስረዳ። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ያለ ቡና ባንድ ቀን አይቀላም። በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ያበበው ፍሬ ወራት ቆይቶ ነው የሚደርሰው፣ ያውም በየተራ። ቀዩን ብቻ ለይቶ ለመልቀም ያንኑ ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል። አሁን አንድ ገበሬ ቡናው ገና ግማሹ አረንጓዴ እያለ ጎረቤቱ መልቀም ሲጀምር ያያል። ማታ ማታ የቡና ሌባ ወሬ ይሰማል። ልጁን ቡናው ውስጥ ጎጆ ሠርቶ ያሳድረዋል። ሁለት ሌሊት፣ ሦስት ሌሊት። ከዚያ «ሌላ ሰው ከሚለቅመው እኔው ልልቀመው» ይልና ቅርንጫፉን ከላይ እስከ ታች በእጁ ያልባል፤ ቀዩም አረንጓዴውም አብሮ ይወርዳል። ቅጠሉም፣ የሚቀጥለው ዓመት እንቡጥም ጭምር። እሱ ሲጀምር ደግሞ ቀጣዩ ጎረቤት እሱን አይቶ ይጀምራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀበሌው በሙሉ ጥሬ ቡና ለቅሟል።

ውጤቱን ንግዱ ያውቀዋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል፤ እሸቱ ጥሬ ከሆነ ደግሞ ፍሬው የቀጨጨ ነው። የታጠበ ቡና ለመሥራት ማጠቢያው የሚፈልገው ቀዩን ነው። ጥሬው ተቀላቅሎ መሬት ላይ ሲሰጣ ጀንፈል ይሆናል፣ ጀንፈሉ ተፈልፍሎ ደግሞ በዓለም ገበያ «ጅማ 5» እየተባለ በርካሽነቱ የሚታወቀው ደረጃ ውስጥ ይገባል። የቡና መገኛ ነን የምንል ሰዎች ስማችን ለዝቅተኛ ደረጃ መጠሪያ ሲሆን አያሳፍርም? ዝርያው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ጫካው እዚሁ አለ፣ ቀረሮው እዚሁ ቆሟል፣ ጥላው አለ፣ የረገፈው ቅጠል ራሱ ማዳበሪያ ነው። የጠፋው መተማመን ነው።

አሁን ወደራሴ ሥራ ልምጣ። የዚህ ሁሉ ሌላኛው ጫፍ ክፍል ውስጥ ነው ያለው።

መስከረም ላይ ተመዝግበው የገቡ ልጆች ጥቅምት አጋማሽ ላይ መሳሳት ይጀምራሉ። መጀመሪያ ከኋላ የሚቀመጡት ወንዶች። ቀጥሎ በገበያ ቀን የሚቀሩት። ኅዳር ሲገባ ስም ስጠራ «አቤት» ከሚለው ዝም የሚለው ይበዛል። ገሚሱ የቤተሰቡን ይለቅማል፣ ገሚሱ ቡና ይጠብቃል፣ ገሚሱ ደግሞ የራሳቸው ቡና የሌላቸው ናቸው፣ ለሰው በኪሎ ይለቅማሉ። ሴቶቹ ድርብ ነው ሥራቸው፤ ይለቅማሉ፣ ለለቃሚም ያበስላሉ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አዲስ ጫማና አንዳንዱም አዲስ ስልክ ይዘው ይመለሳሉ። ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ፣ እውነቴን ነው፤ በላባቸው ያገኙት ነውና። ሰሌዳው ላይ ያለው ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ሂሳብ ላይ ያለፈህ ምዕራፍ አይጠብቅህም። ከዚያ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ይመጣል፣ ልጁ ይወድቃል፣ እኛ «ሰነፍ» እንለዋለን። ከንጋት 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ቅርንጫፍ ሲጎትት የዋለን ልጅ ሰነፍ!

የ12ኛ ክፍልን ውጤት ታስታውሳላችሁ። በ2014 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። ይህ የአገር ቁጥር ነው፤ ምክንያቱ ቡና ነው አላልኩም፣ ቡና የማይበቅልበትም አገር ወድቋል። እኔ የምለው ሌላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ክፍል ያልገባ ልጅ ከዚያ ጠባብ በር እንዲያልፍ መጠበቅ ቀልድ ነው።

የተለመደው መፍትሔያችን ምንድነው? ወላጅ ጥሩ። ወላጅ ይመጣል (ወይም አይመጣም፣ ለቀማ ላይ ነዋ)። «ልጅህን ላክ» እንለዋለን፣ «እሺ ቲቸር» ይለናል፣ በማግስቱ ልጁ ቡና ውስጥ ነው። ልጁን ከመዝገብ እናስሰርዛለን እንላለን። ይሄ ሁሉ በየዓመቱ ይደገማል፣ በየዓመቱ ያው ነው። ሰዉ ትምህርት ስለናቀ አይደለም። የዓመት ገቢው በስድስት ሰባት ሳምንት ውስጥ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ስለሚቆይ ነው። ደብተሩም፣ ዩኒፎርሙም የሚገዛው ከዚያው ብር ነው እኮ።

እና ያ ቅጠላቸው የሚያምረው ፈረንጆች ምን እንደሚያደርጉ ላውራችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሜይን የሚባለው ስቴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ አሩስቱክ የሚባል ካውንቲ አለ። ድንች አምራች ገጠር ነው። እዚያ ትምህርት ቤቶች ከሌላው ቀድመው በነሐሴ ይከፍቱና፣ ልክ ቅጠሉ በሚቀላበት ሰሞን ድንች ለመልቀም ይዘጋሉ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የኖረ ልማድ ነው። አሁን ማሽን በመብዛቱ አንዳንዱ ትምህርት ቤት አሳጥሮታል፣ አንዳንዱም ትቶታል፤ ግን አላፈሩበትም፣ በካላንደራቸው ላይ ስም ሰጥተው አስፍረውታል። ስኮትላንድም የጥቅምቱን ዕረፍት እስከዛሬ ብዙ ሰው «የድንች ዕረፍት» እያለ ነው የሚጠራው፤ የመጣው ከዚያው ነው። ታዲያ ሀብታሙ አገር ለድንች ክፍሉን ከዘጋ፣ እኛ ለቡና ብንዘጋ ምን ነውር አለው?

የጥሬ ለቀማውንም ነገር ሌሎች አስበውበታል። ፈረንሳይ ውስጥ ወይን የሚለቀምበት ቀን በሥልጣን ይታወጅ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት መቁረጥ ክልክል ነው፤ ሳይበስል እንዳይለቀም። ጎረቤትህ ቀድሞ እንደማይጀምር ካወቅህ አንተም አትቸኩልም። ነገሩ ይሄው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

«ይሄ እኛ ጋ አይሠራም፣ ሰዉ አይስማማም» የሚለኝ አለ፤ ትናንት ቡና ቤትም አንድ ወዳጄ ብሎኛል። ለሱ መልሴ የበለጠ–ጌራ ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. በጃይካ ድጋፍ የደን ሥራው ሲጀመር ሰዉ በየመንደሩ ዋቡብ የሚባል የደን አስተዳደር ማኅበር አቋቋመ። ድንበር አሰመረ፣ መተዳደሪያ አወጣ፣ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ተስማማ። ኋላ ላይ የጫካው ቡና የሬይንፎረስት አሊያንስ ማረጋገጫ ሲያገኝ፣ ታካሃሺና ቶዶ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች የሳተላይት ምስል አይተው ማረጋገጫ ያለው ቡና ያለበት ጫካ ከሌላው በተሻለ እንደተጠበቀ ጽፈዋል። ይህን ያደረገው ማን ነው? የእናንተ አባትና እናት ናቸው። ዛፍ ላለመቁረጥ ተስማምቶ ሕግ ያወጣ ሰው ቡና ሳይቀላ ላለመልቀም መስማማት ያቅተዋል? ደቦና ዳዶ የሚያውቅ ሰው?

ሃሳቤ እንግዲህ ይሄ ነው፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ ሊወስነው የሚችለው እንዳልሆነም አውቃለሁ።

የትምህርት ካላንደሩን የሚያወጣው ክልሉ ነው። ቡና ለሚያመርቱ ወረዳዎች ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ሁለት ሳምንት የለቀማ ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ያ ጊዜ ከመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ላይ እንዲቀነስና የሚጎድለው በቅዳሜ ትምህርት እንዲካካስ ይጠየቅ። እንደ አሩስቱክ በነሐሴ እንክፈት አልልም፤ የነሐሴን ጭቃ የማያውቅ ነው እንዲህ የሚለው። ከሁለት ሳምንቱ ውጪ ግን ቀልድ የለም፣ ልጁ ክፍል ይገባል፣ ወላጁም ይፈርማል። አሁን ለወላጁ የምንሰጠው ነገር ሳይኖረን ነው የምንጠይቀው። ዕረፍቱን ስንሰጠው መጠየቅ እንችላለን።

ከዚያ ጋር ደግሞ በየቀበሌው ለቀማ የሚከፈትበት ቀን ይቆረጥ። የሸቤ መሬት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ወደ ጎጀብ ያለው ቆላ ቀድሞ ይቀላል፣ ወደ በለጠ ያለው ደጋ ይዘገያል። ስለዚህ ቀኑን ቢሮ ሳይሆን የሚያውቁት ሽማግሌዎችና የልማት ሠራተኛው ወርደው አይተው ይወስኑ። ቀኑ በመስጊድም በቤተክርስቲያንም ይነገር። ጥበቃውም በተራ የጋራ ይሁን፣ እያንዳንዱ ልጁን ለብቻው ጫካ ከሚያሳድር። የመክፈቻው ቀን ያው በዓል ነው ማለት ነው፤ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ቡና ይፈላል፣ ተማሪዎቼ ቀዩን ከጥሬው እንዴት እንደሚለዩና ለምን የሽቦ አልጋ ላይ እንደሚሰጣ ከአያቶቻቸው ይሰማሉ። መድረክና ቲሸርት አያስፈልገውም። (ቲሸርት የታተመበት በዓል ስንት ቀረ!) ካሜራ ከመጣ ይምጣ።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ እሱን ሳልነካ ማለፍ አልችልም። «ትምህርት ቤት ዘግተህ ልጆችን ሥራ ልታስገባ ነው?» የሚል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የአገሪቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የሁለተኛ ደረጃ ልጆች አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው፤ የታችኛው ክፍል ሕፃናት ግን አይደሉም፣ እኔም የምጠይቀው ለ9ኛ እስከ 12ኛ ብቻ ነው። ከዚያ ውጪ የሚያሳስበኝ የራሱ ቡና የሌለው ልጅ ነው። እሱ ዕረፍቱ ቢሰጠውም ባይሰጠውም ለሰው ይለቅማል። ዛሬ የሚለቅመው ከትምህርት ተደብቆ ስለሆነ ኪሎውን ሲያጭበረብሩት የት ሄዶ ይከሳል? ቀኑ የታወቀ ከሆነ ሚዛኑም የታወቀ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉንም ይፈታል አልልም። ወንድሙን ተክቶ እስከ ታኅሣሥ የሚቀር ልጅ አሁንም ይኖራል። ነገር ግን ዛሬ የምንመርጠው በተከፈተና በተዘጋ ትምህርት ቤት መካከል አይደለም። በሩ ተከፍቶ ግማሽ ወንበሩ ባዶ የሆነ ትምህርት ቤት ነው ያለን፤ እዚያ የሚማረው ደግሞ ቡና የማይለቅመው የነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጅ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ዜጋ የሚፈጠረው ከዚህ ነው።

ሌላው የሚባለው «ቀድመው ሌሎች ወረዳዎች ይጠይቁ» ነው። ጌራም፣ ጎማም፣ ሊሙም ይህንኑ ችግር ነው የሚኖሩት። እዚያ የምታስተምሩ ጓደኞቼ ይህን የምታነቡ ከሆነ፣ የናንተ ስም መጥሪያም እንደኔው ዝም እንደሚል አውቃለሁ። አብረን ብንጠይቅ ይሻላል።

የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባችን ላይ ይህን በጽሑፍ ላቀርብ ነው። ባዶ እጄን እንዳልገባ እርዱኝ። የድሮ ተማሪዎቼ በሙሉ፣ አሜሪካ ያላችሁትም፣ አዳማ ባጃጅ የምትነዱትም፣ እዚሁ ቡና የምትሰበስቡትም፦ በለቀማ ምክንያት ከክፍል የቀራችሁት በየትኛው ወር ነበር? ስንት ሳምንት? ስትመለሱ የትኛው ትምህርት ነው ያመለጣችሁ? ከታች ጻፉልኝ፣ ስማችሁ እንዲታይ ካልፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን።

ያ «እንዲህ ዓይነት ወቅት የለንም» ያልከው ልጅም፣ አንተ ነህ መጀመሪያ መጻፍ ያለብህ። 10ኛ ክፍል እያለህ ኅዳርን ሙሉ የት እንደነበርክ እኔም አንተም እናውቃለን።